የለይቶ ማቆያው ድንጋይ

ሐኪሙ የአስከሬን ምርመራውን ውጤት በሦስት መስመር ጽፎ ላከ። ሰዓት ሠሪው የሞተው እንደተባለው በአስሙ ብቻ አይደለም፤ ሳንባው ውስጥ ከባሕር እንስሳ የሚወጣ ኃይለኛ መርዝ ተገኝቷል፤ ሆዱ ግን ንጹሕ ነው። መርማሪዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ሦስተኛውን መስመር በእርሳስ አሰመረችበት።

ይህች መርማሪ በመሥሪያ ቤቷ «ወንፊት» ትባላለች። ከእጇ የሚያልፈው የላመው ብቻ ነው ለማለት ነው። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ሲሆን፣ ሲያሞግሳት ይሁን ሲያማት እስከ ዛሬ አልለየም። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን አለቃዋ ለማሞገስም ለማማትም ጊዜ አልነበረውም።

«የሟች እናት ከበሬ ላይ አልነሣ ብለዋል» አላት። «የገደለችው ምራቴ ናት ይላሉ። ጎረቤቶችም መስክረዋል፤ ሚስትየዋ ‹ይሄ ውሃ አንድ ቀን ይገድልሃል!› እያለች ስትጮህ ሰምተዋታል። ዐቃቤ ሕጉ ነገ ከሰዓት ትታሰር ብሏል።»

«ነገ ከሰዓት?»

«ነገ ከሰዓት። እንግዲህ ፈጠን ብለሽ ንፊ።»

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ቁመቱ ክንድ የሚሞላ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል፤ መብራቱ በርቷል፣ ነጭ አሸዋ ተነጥፎለታል፣ ውሃው ጥርት ብሏል። አንድም ዓሣ ግን የለበትም። አጠገቡ በርጩማ ላይ ደግሞ የጫማ ካርቶን የምታህል ትንሽ ገንዳ አለች። የቤቱን በር የከፈተችላት ሚስትየዋ የልብስ ስፌት ቤት ቆራጭ ናት፤ ሁለቱም እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«ትልቁ ለምን ባዶ ሆነ?» አለች መርማሪዋ።

«የሱ ነገር! ጨዉን በሚዛን እየለካ፣ ውሃውን በየቀኑ እየመረመረ፣ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ውሃ ሲጠብቅ ከረመ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ዓሣ ገዝቶ በቀጥታ ከተታቸው፤ በአራተኛው ቀን ነጭ ነጠብጣብ አወጡና ሞቱ። እንደ ሰው አዘነላቸው። እማማ ናቸው ‹አዲስ ገቢ ሳይለይ ከጤነኛ ጋር ይቀላቀላል እንዴ?› ያሉት። ጡረታ እስኪወጡ የተላላፊ በሽታ ክፍል ነርስ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ገጠሙ፣ እኔ ተመልካች ሆንኩ። እሑድ ሳይቀር ገንዳ ሥር ሲውል ነው እንግዲህ የጮህኩበት።»

ትንሿ ገንዳ ላይ በሰዓት ሠሪ ደቃቅ ጽሕፈት «ለይቶ ማቆያ፣ ሠላሳ ቀን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ ቀን የተቆጠረባቸው ሠላሳ ጭረቶች አሉ። የመጨረሻው ጭረት የተጫረው ሰውየው በሞተበት ጠዋት ነው።

«እዚህ ውስጥ የነበሩትስ?»

«ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች። ሠላሳ ቀን ሙሉ ደኅና ነበሩ፤ እሱ በሞተ ማግስት ሞቱ።»

በገንዳዋ ውስጥ ወለሉ ላይ የቡጢ መጠን ያለው ድንጋይ ተቀምጧል፤ እንደ አጥንት ነጥቷል።

«ይሄ ድንጋይ ድሮም እንዲህ ነጭ ነበር?»

ሚስትየዋ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እንጃ። ድንጋይ ድንጋይ ነው።»

«እጅሽንስ ምን ሆንሽ?»

«ዘይት ረጨብኝ።»

አንደኛው ፋሻ ላልቶ ነበር። ቁስሉ መዳፏ ላይና ከጣቶቿ መሃል ነው፤ የእጇ ጀርባ ግን ደኅና ነው። የሚረጭ ዘይት መዳፍ ፈልጎ አያርፍም። መርማሪዋ ይህን በልቧ ያዘችና ማድ ቤቱን አሳዪኝ አለች።

ማድ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነው። አንዲት መስኮት አለችው። ሚስትየዋ ሰባት ሰዓት ላይ ከሥራ ስትመለስ ባሏን ያገኘችው እዚሁ ደፍ ላይ ወድቆ፣ የአስም መተንፈሻው በእጁ እንዳለ ነው። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ዕቃው ሁሉ ታጥቧል። መርማሪዋ ግን አንዱን ድስት ወደ ብርሃን ያዘችው፤ ከንፈሩ ሥር ነጭ የጨው ቀለበት ቀርቶበታል። ከምድጃው ጎን፣ በተሰቀለው ፎጣ ሥር ደግሞ ቁምሳጥኑ ላይ የተለጠፈች ቁራጭ የቁስል ፕላስተር አየች። በትልልቅ ቁጥር «5፡20፣ 30 ደቂቃ» ተጽፎባታል።

የሟች እናት የሚኖሩት በዚያው ቤት ከኋላ ባለው ክፍል ነው። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ባለች የኤሌክትሪክ ምድጃ ትንሽ ማንቆርቆሪያ ጥደዋል።

«ልጄን ማን እንደገደለው ታውቂያለሽ፤ የሚጎድልሽ ወረቀት ነው» አሏት።

«መርዙን በምን ሰጠችው ይላሉ፣ እማማ?»

«በሻይ ነዋ።»

«ሆዱ ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያ በሌላ። ክፉ ያሰበ ሰው መንገድ አያጣም። እጇን አላየሽም? መርዝ የነካ እጅ ነው። እኔ ከሷ ጋር አንድ ምድጃ አልጋራም፤ ልጄ ከሞተ እግሬ ማድ ቤት አልረገጠም።»

ውሃው መፍላት ሲጀምር ከኪሳቸው ፕላስተር አውጥተው ቆረጡና ሰዓቱን ጻፉበት፤ ከምድጃዋም ጎን ለጠፉት። መርማሪዋ ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«የሙያ ልማድ ነው። መቼ እንደተጣደ ያልተጻፈለት ዕቃ እንዳልፈላ ይቆጠራል። ያወረደው ሰው ደግሞ ይልጠዋል። እዚህ ቤት ሕጉ ይኸው ነው፤ እኔ እጥዳለሁ፣ ልጄ ለምሳ ስድስት ሰዓት ላይ ሲገባ ያወርዳል። ሰዓት ሠሪ አይደል፣ ደቂቃ አይስትም።»

«የዚያን ቀን የት ነበሩ?»

«ክሊኒክ፤ የደም ግፊት ቀጠሮ ነበረኝ። ከአምስት ሰዓት ተኩል በፊት ዕቃውን አሰናድቼለት ወጣሁ። ሠላሳኛው ቀኑ አልነበር? ዓሣዎቹን ወደ ትልቁ ቤት ሊያስገባ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ብዬ ነበር፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ተነሥታ ሳሎን ገባች። ነጩን ድንጋይ በጓንት ከገንዳዋ አውጥታ በፕላስቲክ ከተተችና ወጣች።

ሰዓት ሠሪው ደንበኛው የነበረው ዓሣ ሻጭ ሱቁ ውስጥ በአረንጓዴ ብርሃን ታጥሮ ይሠራል። ቀጭን፣ ብዙ የሚያወራ ሰው ነው።

«ዓሣ ብቻ ነው የሸጥኩለት» አለ። «ድንጋይ የሚባል አላውቅም። ምሎ መገዘት ካስፈለገም እምላለሁ።»

«ቆይ፣ አትቸኩል» አለችና ነጩን ድንጋይ ከነፕላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ በሱቁ ከነበሩት ገንዳዎች አንዱን አመለከተችው። ውስጡ ልብስ ላይ እንደሚተከል አዝራር ክብ ክብ የሆኑ፣ ቡናማና አረንጓዴ ሕያው ነገሮች የበቀሉበት ድንጋይ አለ፤ አንድ ጎኑ ተሰብሯል። «ያንን በጓንትህ አውጣልኝ።»

ሻጩ እያቅማማ አወጣው። ስብራቱ ከስብራቱ ጋር እንደ ድስትና ክዳኑ ገጠመ። 

«ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ነው የዋሸሁት» አለ። «እነዚህ አዝራሮች መርዝ አላቸው። በባዶ እጅ አትንካቸው ብዬ ነግሬዋለሁ፤ ይህን ብያለሁ! ውሃ ውስጥ እስካሉ ግን ማንንም አይነኩም።»

«ቢፈሉስ?»

«ከፈሉማ እንፋሎቱ ነው የሚገድለው፤ የታመመ ሳንባ ከሆነማ አይጣል ነው። ግን እባክዎ እመቤቴ፣ ማን ድንጋይ ይቀቅላል?»

መርማሪዋ ድንጋዩን ይዛ ወጣች። መልሱ አሁን ነው የመጣላት፤ ሲመጣላትም ደስ አላላትም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ብዙ ተቀመጠች። በሃያ ዓመት ሥራዋ ያላወቀችውን ለማወቅ ተጨንቃ ታውቃለች፤ ያወቀችውን ላለማወቅ ስትመኝ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ዝም ብትል ነገ ከሰዓት ንጹሕ ሰው ትታሰራለች። ብትናገር ደግሞ... ሐኪሙን በስልክ አንድ ነገር ጠየቀችው። መልሱን ሰምታ ስልኩን ዘጋችና ወደ ቤቷ ነዳች።

በማግስቱ ጠዋት እናትየው፣ ምራታቸውና ዓሣ ሻጩ ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። እናትየው በምራታቸው ትይዩ ሳይሆን ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

«ከሆዱ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሆዱ ንጹሕ ነው። ስለዚህ በሻይም በምግብም አልተሰጠውም፤ የተነፈሰው ነው። መርዙ ከየት መጣ? ከዚህ ድንጋይ። ቀድሞ ይህ ድንጋይ ላይ መርዘኛ የባሕር እንስሳት እንደ አዝራር በቅለውበት ነበር።»

ሻጩ መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን ነጥቷል፤ ድስቱ ላይም የባሕር ጨው ተገኝቷል። ተቀቅሏል ማለት ነው። ሰውየው የዚያን ቀን ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ መጣ፤ ቀኑ ሠላሳኛው ነበርና ቸኩሏል። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ማድ ቤቱ በእንፋሎት ተሞልቷል። እሳቱን አጠፋ፣ ክዳኑን ከፍቶ አጎንብሶ አየ። ድስቱን ለማውረድ አልደረሰም።»

«መርዙን የጨመረችበት እሷ ናት!» አሉ እናትየው።

«እሷ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስፌት ቤት ነበረች፤ ስድስት ሰው አይቷታል። ሰባት ሰዓት ላይ ስትመጣ ድስቱ በርዷል። አስከሬኑ ከተወሰደ በኋላ ለቀስተኛ ሊመጣ ነው ብላ ማድ ቤቱን አጸዳች። ድንጋዩን በባዶ እጇ አውጥታ ወደ ገንዳው መለሰችው። የሱ ዕቃ ስለሆነ መጣል አልሆነላትም። መዳፏ የቆሰለው ለዚህ ነው፤ ዓሣዎቹም በማግስቱ የሞቱት ለዚህ ነው።» ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «የሐኪሙ ወረቀት ሲመጣ ነገሩ ገባሽ። ለምን ዋሸሽኝ?»

«እኔ ነኝ!» አለች ሚስትየዋ ድንገት ተነሥታ። «እኔ ነኝ የቀቀልኩት፤ ይጻፉት! ስድስቱም ዋሽተዋል። እኔ ነኝ!»

«ያልሆነውን መጻፍ አልችልም፣ እህቴ።»

«እባክዎ» አለች ሚስትየዋ፤ ድምጿ ወርዷል። «እባክዎ፣ እዚህ ላይ ያቁሙት።»

መርማሪዋ ለማቆም ፈለገች። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈለገች። ነገር ግን ዶሴው ላይ አንድ ባዶ መስመር አለ፤ ያ መስመር ካልተሞላ የዚህችው ሴት ስም ይሞላዋል። እናትየው ደግሞ በዚያ ሁሉ መሃል ፊታቸውን አዙረው ምራታቸውን ትክ ብለው ያይዋት ጀመር፤ ከልጃቸው ሞት ወዲህ ሲያይዋት የመጀመሪያቸው ነው።

«እማማ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «በሆስፒታሉ፣ በእናንተ ክፍል፣ ከለይቶ ማቆያ የሚወጣ ዕቃ ወደ ጤነኛው ክፍል ከመግባቱ በፊት ምን ይደረግ ነበር?»

«ይፈላል» አሉ እናትየው ወዲያው፣ እንደ ተማሪ። «ሠላሳ ደቂቃ። አቧራ እንዳይገባበት መስኮት ተዘግቶ...»

ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ማንም አልረዳቸውም። ማንቆርቆሪያቸው ከኋላ ክፍል ሲንሾካሾክ ይሰማል።

«የፈላ ነገር አይገድልም» አሉ። «አርባ ዓመት አፍልቻለሁ። የፈላ ነገር አይገድልም።»

«ይሄኛው ይገድላል፣ እማማ። ማንም አልነገረዎትም።»

«ዓሣዎቹ እንደ ፊተኞቹ እንዳይሞቱበት ብዬ ነው። ንጹሕ አድርጌ ልጠብቀው ብዬ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

እናትየው ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

ሚስትየዋ አንገቷን ደፋች።

«እየሰደብኩሽ? በየጎረቤቱ ገዳይ እያልኩሽ?»

«ራስዎን ከሚጠሉ እኔን ቢጠሉ ይሻላል ብዬ ነው» አለች፤ ከዚያ አለቀሰች። በፋሻ የታሰረ እጅ እንባ ለማበስ እንኳ አይመችም፤ ክንዷን ተጠቀመች።

መርማሪዋ ዐቃቤ ሕጉ ዶሴውን እንደሚዘጋው፣ ማንም እንደማይታሰር፣ ይህ አደጋ እንጂ ወንጀል እንዳልሆነ ተናገረች። ሁሉም እውነት ነበር፤ አንዱም ግን ለማንም አልጠቀመም። ሻጩ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ይቅርታ ሊጠይቅ ከማን መጀመር እንዳለበት ጠፋው፤ በመጨረሻ ሳይጠይቅ ወጣ።

እናትየው ከመቀመጫቸው አልተነሡም። የነርስነት ነገር ሆኖ፣ ዓይናቸው ደርቆ፣ ድምፃቸው ተስተካክሎ ጠየቁ።

«ከተነፈሰው በኋላ ስንት ደቂቃ ቆየ?»

መርማሪዋ ይህን ታውቃለች። ትናንት ከመኪናው ውስጥ ሐኪሙን የጠየቀችው ይህንኑ ነበር፤ «አንድ ሰዓት ግድም ሳይታገል አልቀረም» ነው ያላት። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ እኚህ ሴት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

«ወዲያው ነው ያረፈው፣ እማማ» አለች። «ምንም አልተሠቃየም።»

እናትየው እጃቸውን ዘርግተው የመርማሪዋን ጉልበት መታ መታ አደረጉ፤ የሚያጽናኑት እሳቸው ይመስሉ ነበር።

«ተይ፣ ልጄ» አሏት። «እኔም ለሰው እናት እንዲሁ ነበር የምላት።»