የዓርቡ ምስር

የምስሩ ማማሰያ ሳይነካ ሳህኑ ላይ ተጋድሟል። ያኤል እጇ ላይ ያለውን አየችው። የዶሮው ነው።

«ወይኔ ጉዴ!»

ልታግዛት የመጣችው የክፍል ጓደኛዋ ሴና ቲማቲም መክተፏን አቆመች። «ምነው? ተቃጠልሽ?»

«የዶሮውን ማማሰያ ምስሩ ውስጥ ከተትኩት። አማሰልኩበት እኮ!»

ቀኑ ዓርብ ነው። የእነያኤል ቤት ፕሮቴስታንት ስለሆነ አይጾምም፤ ሳሎን ከተቀመጠው እንግዳ ግን ግማሹ ጾመኛ ነው። ለዚህ ነው ወጡ በሁለት በኩል የተሠራው፤ ቅቤ ያለበት ዶሮ ወጥ በግራ፣ የጾሙ ምስር በቀኝ።

እናቷ አረጋሽ ቀን እየሠራች፣ ማታ እየተማረች ዛሬ በነርስነት ተመርቃለች። ያኤል ገና ከሳምንት በፊት «አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ወጥ ቤት ብትገቢ እንጣላለን» ብላታለች። አክስቶቿ ሳቁባት። ይሳቁ! ሽንኩርቱን ትናንት ከተፈች። ወንበሩንና ሳህኑን ከእድር በጊዜ አስመጣች። እንጀራውን ጠዋት ተረከበች። ከሰዓት ገላዋን ታጥባ፣ ቀሚሷን ቀይራ፣ ጸጉሯን ተሠርታ እንግዳ ተቀበለች። ደጋሽ ሁሉ ላብ በላብ ሆና እየጮኸች ትሩጥ ያለው ማን ነው? አክስቶቿ የሚያርሙት ነገር ሲያጡ ሄደው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

አሁን ግን ይሄ መጣ።

«አንዴ ነው የነካው» አለች ሴና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማን ያውቃል? አታካብጂ አቦ!»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ አትጾሚም!»

«እነሱ ይጾማሉ።»

«በቃ አረረብኝ በያቸው። ወጥ ማረር ብርቅ ነው እንዴ?»

ያኤል ድስቱን አየችው። እንዲህ ያማረ ምስር ሠርታ አታውቅም። የቀረው የጾም ምግብ ጎመንና ድንች ነው፤ ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም። ዝም ብትል እራቱ አሁኑኑ ይቀርባል፤ አክስቶቿም አፋቸውን ይይዛሉ።

ከሳሎን የእትዬ ገላኔ ሳቅ ተሰማ። እትዬ ገላኔ የፉሪ ሰፈር በቤት ሳይሞላ፣ ገና ጤፍ ሲዘራበት ጀምሮ የኖሩ ጎረቤት ናቸው። እናቷ ማታ ትምህርት ቤት ስትሆን ያኤል ራቷን የምትበላው እሳቸው ጋ ነበር። በጾም ቀን ለእሷ ብቻ ባስቀመጧት መጥበሻ እንቁላል ይጠብሱላታል፤ ያቺን መጥበሻ ለሌላ ነገር ነክተዋት አያውቁም። «የምጾመው እኔ ነኝ፤ አንቺን ማን ጹሚ አለሽ? ብዪ!» ይሏት ነበር።

ያኤል ምድጃውን አጠፋች። ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች፤ ሴና ቀሚሷን ልትይዛት ስትል አመለጠቻት። ድስቱን የዶሮው ወጥ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ምስሩን የማይጾም ይብላው» አለች። ድምጿ መጀመሪያ ላይ ቀጠነ፣ ከዚያ ተስተካከለ። «የዶሮው ማማሰያ ነክቶታል። ያስነካሁት እኔ ነኝ። ለጾመኞቹ ሽሮ እሠራለሁ፤ ትንሽ ትጠብቁኛላችሁ።»

አንዷ አክስቷ ከንፈሯን መጠጠች። እናቷ ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ነበር፤ የያኤልን ዓይን አይታ ተመልሳ ተቀመጠች።

እትዬ ገላኔ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም እኮ!»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ካወቅሽ ምን ያስገትርሻል?» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ተነሡ። «ነይ፣ ቶሎ እናድርሰው።»

«አይሆንም! ዛሬ እንግዳ ነዎት። ይቀመጡ።»

«እኔን ነው ተቀመጪ የምትይው?»

«አዎ፣ እርስዎን።»

እትዬ ገላኔ ተቀመጡ። ያኤል ወጥ ቤት ሳትደርስ ድምፃቸው ከኋላዋ መጣ፤ ለአክስቶቿ ነው የሚናገሩት። «ምን ከንፈር ትመጥጣላችሁ? ደብቃ ብታበላኝ ማን ያውቅባት ነበር? ይቺን ልጅ ማታ ማታ ያሳደግኳት እኔ ነኝ!»

ሴና ሽሮውን ከመደርደሪያ አውርዳ ጠበቀቻት። ያኤል ንጹሕ ድስት ጣደች፣ ንጹሕ ማማሰያ አወጣች፣ ሽንኩርቱን ማቁላላት ጀመረች።

«ፍጠኚ እንጂ!» አለች ሴና በሩን እያየች። «ሽንኩርቱ ሳይበስል ሽሮውን ጨምሪውና እናቅርብ። ሰው ተርቧል!»

«ይበስላል» አለች ያኤል። እሳቱንም ትንሽ ቀነሰችው።