ከአውቶቡሱ ሥር የወጡት ድጋፎች

መርማሪ ኢኔዝ ሌድቤተር ስትደርስ ዌንደል ስትራውድ ገና ከአውቶቡሱ ሥር አልወጣም ነበር፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ሚስቱ ቨርና ስምንት ዓመት ቤቷ አድርጋ የኖረችበትን አውቶቡስ ማየት አቅቷት ፊቷን ወደ አሪዞና በረሃ አዙራ ቆማለች። እንደነሱ በአውቶቡስ የሚኖሩት የካምፑ ጡረተኞች በጠራራ ፀሐይ በሮቻቸውን ቆልፈዋል።

«የተጫነው ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ ሲቀይር ነው» አለ ጋርዝ፣ የሁሉንም አውቶቡስ የሚጠግነው መካኒክ። «አውቶቡሱ የቆመው በአየር ባሎን ነው፤ አየሩ ከወጣ ቁጭ ይላል። የብረት ድጋፍ አድርግበት ብዬ ስንቴ ለመንኩት! የግራው የካምቢዮ ቱቦ ዘይት ሲያፈስበት እንኳ አልተጠነቀቀም።»

«ዛሬ አብረውት ነበሩ?»

«ኧረ የለም! ከትናንት ወዲህ እዚህ ድርሽ አላልኩም። የቨርናን ጩኸት ሰምቼ ነው የሮጥኩት።»

የእሳት አደጋ ሠራተኞች አውቶቡሱን አንስተው አስከሬኑን ሲያወጡ ኢኔዝ አጎንብሳ ገባች። አሸዋው አዲስ ቀይ ዘይት ጠጥቷል። መሃሉ ላይ ግን የመጽሐፍ ስፋት ያላቸው ሁለት ደረቅ ቦታዎች አሉ። ቱቦዎቹን ዳሰሰቻቸው፤ ሁለቱም ጠብቀው ታስረዋል፣ በጨርቅም ተወልውለዋል።

ጎረቤታቸው ሆሊስ ዳሌውን በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው፤ በምርኩዝ ቆሞ ጠበቃት።

«አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር ሲሠራ ሰማሁ። ዌንደል ‹በቃ፣ በቃ!› አለ፤ እየሳቀ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ፉሽሽ የሚል ድምፅ... ከዚያ ዝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ከእኛው መሃል ነው እንዴ? አሁን እኔ ለማን በር ልክፈት?»

ቨርና ጠዋቱን ከሁለት ሴቶች ጋር ልብስ ስታጥብ ነበር፤ ሴቶቹም መሰከሩላት።

«ትናንት አሮጌውን ካምቢዮ ከፍቶ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ» አለች። «‹ነገ አንድ ሰው የምጠይቀው ነገር አለ› አለኝ፤ ማንን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። አዲሱን ከነቱቦዎቹ የሚገጥመው ዛሬ ጠዋት ነበር።»

ኢኔዝ የካምፑን የቆሻሻ በርሜል መሬት ላይ ገለበጠችው። ከዚያ ጋርዝን፣ ሆሊስንና ቨርናን ድንኳን ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። ማንም ከማንም አጠገብ አልተቀመጠም።

«ዌንደል ድጋፍ አድርጎ ነበር» ብላ ጀመረች። «ዘይቱ ሲፈስ ድጋፎቹ የቆሙበት አሸዋ ደረቅ ቀርቷል። አሁን ግን የአውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አገኘኋቸው፣ እግራቸው ዘይት ነክቶት። ከክብደት ሥር እንዲወጡ አውቶቡሱ ከፍ ማለት አለበት፤ ለዚህ ነው አየር የተሞላው። ዌንደል ከሥር ተኝቶ ‹በቃ› እያለ ይስቃል። ድጋፎቹ ቦታ ሊቀየርላቸው ነው ብሎ አምኗል፤ ከወጡ በኋላ ግን አየሩ ተለቀቀበት። ነፍሱን እንዲህ የሚያምነው ሙያ ላለው ሰው ነው። አቶ ሆሊስ ማጎንበስ አይችሉም፣ ቨርና እዚህ አልነበረችም።»

«እኔም አልነበርኩም አልኩ እኮ!» ጋርዝ ተነሣ።

«ታዲያ የግራው ቱቦ እንዳፈሰሰ በምን አወቁ? ቱቦው የገባው ዛሬ ጠዋት ነው። እኔ ስደርስ ደግሞ ጠብቆ ታስሮ፣ ተወልውሎም ነበር።»



ኢኔዝ ከበርሜሉ ያገኘችውን የጠቆረ ፊልትሮ፣ የካምቢዮውን ዘይት ማጣሪያ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ዌንደል የሚገጥመው ዕቃ ላይ ሁሉ ቀን ይጽፋል። ይኼ የእሱ ጽሑፍ ነው፤ ስድስት ዓመቱ። እርስዎ ግን፣ ቨርና እንደነገረችኝ፣ ባለፈው ዓመት ቀይሬዋለሁ፣ ዘይቱንም አድሻለሁ ብለውት ነበር። ያልሠሩትን ሠራሁ ብለዋል። ይኼ ከታወቀ የሌሎቹም ካምቢዮ ይከፈታል።»

«ላስፈራራው ብቻ ነበር...» አለ ጋርዝ። ከኢኔዝ ጋር የመጡት ፖሊሶች ክንዱን ያዙት።

«ቆይ!» ሆሊስ ምርኩዙን ጥሎ ቆመ። «የልጄን የሃቲን አውቶቡስ የሠራኸው አንተ ነህ። ቁልቁለቱ ላይ ደውላ ‹አባዬ፣ ማርሹ አልይዝ አለ› ብላኝ ነበር። ከዚያ ከነባሏ ሞተች...»

ጋርዝ አንገቱን ደፋ።

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «እኔ ሲነዳ የነበረው ባሏ ነው የገደላት አልኩ» አለ ለቨርና። «በቀብሩ ቀን እናቱን ከደጅ መለስኳት። እሷም እኮ ልጇን ነበር የምትቀብረው።»

የአማቹን እናት ቁጥር ከስልኩ ላይ ፈልጎ ለቨርና ዘረጋላት። ቨርና ተቀብላ ደወለችለት፣ ጆሮው ላይም ያዘችለት።