የስድስት ሰዓት ርክክብ

ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሰው አንቱ ማለት ወግ ነው። ፍቅር የያዘውን ሰው ግን አንተ ቢሉት አይቀየምምና አስካለንና ቸኮልን እንደ ልጅ እንጥራቸው።

አስካለ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ባሏን ከቀበረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ቸኮልም ሚስቱ ሞታበታለች፤ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ሠርቶ ነው የተሰናበተው። ሁለቱም ጡረታቸውን ይቀበላሉ፤ ቤት መዋሉ ግን አልሆነላቸውም። ስለዚህ ንፋስ መውጫ ውስጥ ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል፣ አንዱን ሥራ ለሁለት ተካፍለው ተቀጠሩ። እሱ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት፣ እሷ ከዚያ በኋላ።

የሚገናኙት በርክክብ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሥር ደቂቃ። ቁልፉን ይሰጣታል፤ ሐኪሞቹ ዘንድ ወጥተው ያልተመለሱትን ካርዶች ይነግራታል፤ ከዚያ መሄድ ነበረበት። አይሄድም።

«ዛሬ ነፋሱ ብሷል። ያንን መስኮት እንዳይከፍቱት» ይላታል።

«ሳልከፍተው በሽተኛው በየት በኩል ያናግረኝ? በጣራ?»

«እንግዲያስ ጋቢዬን ልተውልዎት።»

«አንቱስ ምን ለብሰው ሊሄዱ?»

«ቤቴ ቅርብ ነው።»

ቤቱ ቅርብ አልነበረም፤ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚሄደው። አስካለ ይህን ታውቃለች፤ ጋቢውን ግን አንድ ቀንም እምቢ ብላ አታውቅም። ተከናንባው ትውላለች። በስድሳ ሁለት ዓመቷ ልቧ እንደ ኮረዳ ልብ ሲመታ በራሷ ታፍራለች፤ ደስም ይላታል።

ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ ሰውየውን ችኮላ የሚባል ነገር አልነካውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አሥሩን ደቂቃ አሥራ አምስት እያደረገ ቆየ። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ቁልፉን ሰጥቷት ሲያበቃ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ሰኞ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ... አልተዘጋጀሁም።»

አስካለ ቅዳሜንና እሑድን እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አታውቅም። ምን እንደሚላት ገብቷታል። ምን እንደምትመልስለትም ቆርጣለች።

ሰኞ ግን ከቸኮል ቀድሞ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አማረ ተናገረ። ካርድ ክፍሉ ከእንግዲህ የሚፈልገው ሙሉ ቀን የሚሠራ አንድ ሰው ነው። «ማን እንደሚቀጥል እናንተው ተመካከሩና ንገሩኝ» ብሏቸው ወጣ።

«አንቱ ይቀጥሉ።»

«ኧረ በማርያም፣ አንቱ ይቀጥሉ።»

በር ላይ ቅደም ቅደሚ ሲባባሉ እንደሚያመሹ እንግዶች ሆኑ። በማግሥቱ ቸኮል ለብቻው አማረ ዘንድ ገባና «ዓይኔ ደክሟል፤ ለወይዘሮ አስካለ ይሁን» ብሎ ወጣ። ቁልፉን ሲያስረክባት ቀና ብሎ አላያትም።

«የሚነግሩኝ ነገር ነበር» አለችው።

«ምንም አይደል። ሥራዎት ይባረክ።»

አስካለ ሙሉውን ቀን አገኘች፤ አሥሩን ደቂቃ አጣች። ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩን ታያለች፤ የሚመጣ የለም። ሰልችቼው ይሆናል ብላ ተቀየመችው። ተቀይማም ናፈቀችው። የልጅ ልጅ ያየች ሴት ደግሞ ወንድ ቤት ሄዳ «ምን ሊሉኝ ነበር?» ብላ አትጠይቅም። ለይሉኝታ ካርድ አይወጣለትም እንጂ ስንቱን አልጋ ላይ ጥሎታል!

በተለያዩ በሰባተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ የከሳ እጅ በመስኮቱ ገባ።

«ካርድ ላስወጣ ነበር።»

ቀና ብትል ቸኮል ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ልጁ ህይወት ደግፋ አምጥታው ኖሮ፣ ተራ ልትይዝለት ወደ ሐኪሙ በር ሄደች። አስካለ ካርዱን አወጣችለት።

«ለምን?» አለችው።

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም።

«ሥራውን ከለቀቅሁልዎት በኋላ ብጠይቅዎት ውለታዬን ማስከፈል መሰለኝ። ልብዎ ሳይፈቅድ በውለታ ታስረው እሺ ቢሉኝስ? በውለታ የተገኘች ሚስት ምን ትሆነኛለች ብዬ ተውሁት።»

«ሥራውን ማን ለመነዎት?» አለች። «እኔ እንደሆን ጡረታዬ ይበቃኛል። እዚህ የምመጣው አንቱን ለማየት ነበር።»

ቸኮል የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። ከኋላው የታመመ ልጅ ያዘለች እናት ቆማ ነበር፤ አላጣደፈቻቸውም።

«ዛሬ ከዚህ የሪፈር ወረቀት አጽፌ ነገ ለሕክምና ባሕር ዳር እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ስመለስ ሽማግሌ ብልክብዎትስ?»

«እስኪመለሱ አይጠብቁ። ይላኩ።»

ሐሙስ ከባሕር ዳር ደወለላት። ድምፁ ቀጥኗል።

«ለንስሐ አባቴ ለቄስ ቀለመ ወርቅና ለጎረቤቴ ለጓዴ ነግሬያቸዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ብዙ እንዳያስቆሟቸው፤ ቄሱን እግራቸውን ያማቸዋል።»

«አቁሜ ነው የማስለምናቸው! ወጉ አይደል?»

«አይ አንቺ!» ብሎ ሳቀ። አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

እሑድ ቤቷን ጠርጋ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀች። ለልጆቿ አልነገረችም፤ ይህን ለብቻዋ ልትሰማው ፈለገች። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ መጥተውም ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

ፈገግ አለች። ሽማግሌ እንደዚያ ነው የሚለው። ጓዴ ግን ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ትከሻው ሲርገበገብ አየችው።

«ልጄ፣ ሁለት መልእክት ይዘናል» አሉ ቄስ ቀለመ ወርቅ። «አንደኛውን ቸኮል በሕይወት ሳለ ነው የላከን። ሁለተኛው ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ከባሕር ዳር መጣ። ሁለተኛውን ደብቀን አንደኛውን ብንጠይቅሽ ማታለል ነው። አንደኛውን ሳናደርስ ብንቀር ደግሞ የሙት አደራ መብላት ነው።»

አስካለ የበሩን መቃን ያዘች። ጩኸቱ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለሰችው።

«ጠይቁኝ፣ አባቴ። እሱ እንዳላችሁ አድርጋችሁ ጠይቁኝ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ። «ቸኮል ለትዳር ይፈልግሻል። ፈቃድሽ ነው ወይ?»

«ፈቃዴ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ሲደርስ፣ ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶው መሐል ገባች። ህይወት አየቻት፤ ምንም ሳትል ከአባቷ ራስጌ ቦታ አስለቀቀችላት።

ከለቀስተኛው አንዱ ወደ ጓዴ ጠጋ አለና «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ሲል ጠየቀው።

«ሚስቱ ናት።»

«መቼ አገባ?»

«ዛሬ ጠዋት» አለው ጓዴ።