ገመዱ ሳይነቀል የተሰማው ድምፅ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርሁ። ጅብ ሰው ሆኖ መጣ፣ ሙት በስሜ ጠራኝ የሚለኝን ሰው «ርቦህ ይሆናል፣ እህል ቅመስና ተኛ» ባይ ነኝ፣ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋልኝም፣ በጋውን ቢቸና ሴት ልጄ ቤት፣ ክረምቱን ሞጣ ወንድ ልጄ ቤት እያልሁ ስንቱን መንገድ በጨለማ ሄጃለሁ፣ ከውሻ በቀር ያስደነገጠኝ የለም። ይህን ግን በገዛ ዓይኔ ተቀምጬ ያየሁት ነውና፣ እየሳቃችሁም ቢሆን ስሙኝ።

የሞጣው ልጄ ደምሰውና ሚስቱ ሰናይት አማተር ሬዲዮ የሚሉት ነገር ወዳጆች ናቸው። ፈቃድ አውጥተው፣ ጣሪያው ላይ ረጅም ዘንግ አቁመው፣ በእጅ በሚያዝ ሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር ያወጋሉ፣ ለትርፍ አይደለም፣ ለፍቅሩ ነው። እኔ ሬዲዮ ማለት ከፍተው የሚሰሙት ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ይሄ ዲጂታል የሚሉት ግን አዲስ ሲመጣ ዲዳ ነው፣ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው የራሱን ቁጥር፣ የሚሰማበትን መስመር፣ የሚያውቃቸውን ሰዎች ካልጻፉበት አይናገርም፣ ክርስትና እንዳልተነሣ ሕፃን ማለት ነው። ይህን የምታደርገው ሰናይት ናት፣ እመኑኝ፣ ስትሠራ ማየት ዓይን ያጠግባል፣ አትቸኩልም፣ መጀመሪያ ሬዲዮው ውስጥ ያለውን ታነባለች፣ ያነበበችውን ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ነው የምትጽፈው። «ሳያነቡ መጻፍ ድንበር ሳያዩ ማረስ ነው» ብላት፣ «እማማ፣ እርስዎ ቢማሩ ኖሮ እኔን ሥራ ያስፈቱኝ ነበር» ብላ ሳቀችብኝ።

የዚያን ቀን ደምሰው ከቢቸና በሞተር ሳይክል ይመለሳል። አንዱን ሬዲዮ ይዞ ሄዷል፣ ሰናይት ደግሞ አዲሱን ጽፋ ልትጠብቀው፣ እሱም ከወንዙ በላይ ካለው አፋፍ ላይ ቆሞ ሊጠራት ተስማምተዋል። ከአፋፉ ወርዶ በእግር መንገዱ ወንዙን መሻገር ልማዱ ነው፣ ዙሪያውን ላለመሄድ። ከምሳ በኋላ ታዲያ ከላይ ከጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡን ለቀቀው። የክረምት ወንዝ መቼም ታውቃላችሁ፣ ከታች ሰው ፀሐይ እየሞቀ፣ ከላይ የዘነበው ድንገት ደርሶ ይወስደዋል። ስልክ ብንሞክር ኔትወርክ የለም።

«ልጄ፣ ባልሽ ውሃው ውስጥ ሳይገባ ንገሪው» አልኋት።

«ከዚህ ሌላ በምን እነግረዋለሁ፣ እማማ» አለችና አዲሱን ሬዲዮ ወደ ገመዱ ሳበችው።

ያን ቀን ግን ቸኩላ ነው መሰለኝ፣ ቀድሞ አንብባ ያስቀመጠችውን የደምሰውን ሬዲዮ ጽሑፍ እንዳለ ገልብጣ፣ ቁጥሩን ሳትለውጥ አዲሱ ላይ አሰፈረችው። ጨርሳ ስታየው ግንባሯን ያዘች።

«ምነው?»

«ሁለቱንም በአንድ ስም አጠመቅኋቸው።»

«መንታ ናቸዋ፣ ተያቸው።»

«ስጠራው የራሱ ቁጥር ነው የሚወጣለት። ሬዲዮው ተበላሸ ብሎ ቢዘጋውስ?»

ደግማ ጀመረች። ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መስመሩ ሞልቶ ገመዱ እስኪነቀል ድረስ ሬዲዮው አይሰማም፣ አይናገርም፣ ይህን የነገረችኝ እሷው ናት።

መጀመሪያ የሰማሁት ጠጠር ከጠጠር ሲጋጭ ነው። ከጣሪያው መሰለኝ፣ ዝናቡ ግን አባርቶ ነበር። ቀጥሎ ውሃ ሰማሁ፣ ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርድ የሩቅ ውሃ፣ ከዚያው ከጠረጴዛው ላይ። ሰናይት ቀና አለች። ሬዲዮው አናት ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቀይ ሆና በራች፣ ቀይ የምትሆነው ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ነው፣ የማናችንም እጅ ደግሞ እዚያ አልነበረም። ጠፋች፣ በራች፣ ጠፋች፣ በራች፣ ከዚያ ሳትጠፋ ቆየች።

«ሲጻፍበት እንዲህ ያደርጋል?»

«አያደርግም» አለች ቀስ ብላ። «እማማ፣ አይንኩት።»

«አልነካሁትም።»

የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ነው የተቀመጥሁት፣ ቃል አልወጣኝም፣ ጸሎቴም በሆዴ ነበር። መስመሩ ሲሞላ ገመዱን ነቀለች፣ ጠራችው፣ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ጠራችው፣ መልስ የለም።

ሲመሻሽ ሞተሩ ተሰማ። በዙሪያው መንገድ ነው የመጣው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። ሰናይት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እሱ ግን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እኔን ነው የሚያየው።

«እማዬ፣ ባትጠሪኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር» አለ። «ከአፋፉ ብጣራ የሚመልስልኝ አጣሁ፣ ወረድሁ። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፣ ሞተሩን እየገፋሁ አንድ እግሬን ነከርሁ። በሬዲዮው ደምሰው አልሽኝ። ዝም አልሁ።»

«ለምን ዝም አልህ?» አለች ሰናይት።

«ማን አሳደገኝና። ከገደል ማዶ ሲጠሩህ ሦስቴ ሳይደግሙ አቤት እንዳትል ስትለን አይደል የኖረችው።»

እውነቱን ነው፣ እኛ ዘንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው፣ ያ ክፉው አንዴ ጠርቶ ይቀራል፣ የእናት አፍ ግን ይደጋግማል።

«በሦስተኛው አቤት አልሁ፣ አትሻገር አልሽኝ፣ ተመለስሁ። አፋፉን ወጥቼ ሳልጨርስ ወንዙ ግንድ ተሸክሞ መጣ።»

ሰናይት ፊቷን ጠረገችና ሁለቱንም ሬዲዮ በየተራ በገመዱ አነበበቻቸው፣ ቁጥራቸው የተለያየ ነው፣ ምንም ስሕተት የለም። «ደግሞ ወንዙ ሥር ሆኖ እንዴት ይሰማል፣ ገደሉ ይጋርደዋል» አለች። የምወድላት ይህንን ነው፣ ተአምር ነው ብላ አትተወውም፣ እስከ ዛሬ ገመድ እየቀየረች ትሞክራለች፣ ያቺ መብራት ግን እንደዚያ ሆና አታውቅም።

ሰናይት እራት ልታቀርብ ስትነሣ እኔ ጠየቅሁት።

«ልጄ፣ አትሻገር ካልሁህ በኋላ ሌላ ምን አልሁህ?»

ጫማውን እየፈታ ነበር፣ እጁ ቆመ።

«ምንም» አለኝ።

ደምሰው ከልጅነቱ ውሸት አያውቅበትም፣ ያ ድምፅ ስለ እኔ የነገረው ነገር አለ። ከዚያ ወዲህ ቢቸና ልሂድ ስለው ክረምቱ ይውጣ አለኝ፣ ወጣ። ጥምቀት ይለፍ አለኝ፣ አለፈ። ደጅ ስወጣ ከኋላዬ ይወጣል። ትናንት ደግሞ የመንገድ ምርኩዜን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።