ያልደረቀው ጣውላ

ሰው ለፍቅር ሲል ብዙ ሞኝነት ይሠራል። የጎረቤታችን የሞረድ ሞኝነት ግን ከእንጨት መሰንጠቂያ ሰፈር ውጭ የትም አይገኝም።

ሞረድ ያልነው የመጋዙን ጥርስ ስለሚሞርድ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም። ያን ጊዜ ጫካው ከጓሯችን ይጀምራል። ዝናቡ አያባራም፣ ሥራውም አያልቅ። መጋዙ ገና ጎህ ሲቀድ ይጮኻል፤ ልጆቻችንን የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። ሱቅ ተከፈተ፣ ፀጉር ቤት ተከፈተ፤ ባሌ እንኳ ሽቶ መቀባት ጀመረ።

አንድ ቀን የግንድ መኪና የሚነዳው የጋሼ ሾፌር ልጅ፣ ለእናቷ ዶሮዎች ጉዝጓዝ የሚሆን ሰጋቱራ ልትወስድ ጆንያ ይዛ መጣች። ሞረድ አጎንብሶ ጥርስ ይሞርዳል። ቀና ሲል እጁ ቆመ።

«ፀጉርሽ ላይ ሰጋቱራ አለ» አላት።

«የት ጋ?»

«የሌለበትን ብነግርሽ ይቀላል።»

ሳቀች። ስትስቅ አፏ ወደ ግራ ይጣመማል። ከዚያ ወዲያ የነዚያ ዶሮዎች ጉዝጓዝ በየቀኑ ይቀየር ጀመር፤ እንደነሱ የተንደላቀቀ ዶሮ በዕድሜዬ አላየሁም።

ጋሼ ሾፌር ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም። «ቤት ይሥራና ይውሰዳት» አለ።

ቀላል ነገር! መሬቱ አለ፤ መሰንጠቂያውም ለሠራተኛው ጣውላ በርካሽ ይሰጣል። ሞረድ ምርጥ ምርጡን ለቅሞ አመጣና ከአጥራችን ሥር ከመረው። ዝናብ እንዳይነካው ቆርቆሮ አለበሰው፤ አየር እንዲያገኝ በየጣውላው መሀል ቀጭን እንጨት አጋደመ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ጀመር።

«ደግሞ ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«እስኪደርቅ ነዋ፣ እትዬ። እርጥብ ጣውላ ቤት ከሆነ በኋላ ይጣመማል።»

«የኔስ ቤት በእርጥብ ጣውላ አይደል የተሠራው? በሩ አይገጥምም፣ መስኮቱ አፉን ከፍቶ ያድራል። ግን ልጆች አሳድጌበታለሁ!»

«ለሷ እንዲህ አይሆንም» አለ፤ በሬን በአዘኔታ እያየ።

በየእሁዱ ጣውላውን በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ይለጥፋል። የደረቀ እንጨት እንደ ደወል ይጮኻል ባይ ነው። የሱ ግን ውሃ እንደሞላ እንስራ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። «ገና ነው» ይልና ይመለሳል። በዚያ ዝናብ ምን ሊደርቅ!

ጫካው ግን እሱን አልጠበቀም። ከጓሯችን ሸሸ፤ ቀጥሎ ከኮረብታው ማዶ ሆነ። ጋሼ ሾፌር በዕለቱ መመለሱ ቀርቶ መንገድ ላይ ማደር ጀመረ። ጭኖ የሚመጣውም ግንድ እየቀጠነ እየቀጠነ የአጥር እንጨት አከለ። መጋዙ ገና ምሳ ሳይደርስ ዝም ይላል። ፀጉር ቤቱ ተዘጋ፤ ባሌም ሽቶውን ተወ። በመጨረሻ የመሰንጠቂያው ባለቤት መጥቶ ሠራተኛውን ሁሉ አሰናበተ።

ጋሼ ሾፌር ቤተሰቡን ይዞ ሥራ ወዳለበት ከተማ ሊሄድ ተነሣ። «ቤት ካላት ትቅር። ከሌላት ቆርቆሮ ሥር ጥያት አልሄድም» አለ። አልፈርድበትም፤ አባት ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ልጅቱ ጣውላው ዘንድ መጣች። እኔ አጥሩ ጋ ልብስ አሰጣ ነበር። ልብሱ ጥቂት ነው፤ ሳሰጣው ግን ብዙ ቆየሁ።

«ዛሬ ጀምር» አለችው። «ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ ተረባርበው ያቆሙልሃል።»

«ይጣመማላ።»

«ይጣመም! እኔስ ስስቅ አፌ ይጣመም የለ? በዚህ ጠላኸኝ?»

ጣውላውን አየ፣ እሷን አየ። እኔም በቃ ተሸነፈ ብዬ ደስ አለኝ። እጁ ግን የለመደውን አደረገ። አንኳኳ፤ ጆሮውን ለጠፈ።

«ትንሽ ነው የቀረው» አላት። «ክረምቱ ይውጣና...»

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ከትከሻው ላይ ሰጋቱራ አራገፈችለት። መጋዙ ከቆመ ሰንብቷል፤ ትከሻው ላይ ምንም አልነበረም።

በማግስቱ ያ የግንድ መኪና አልጋና ዶሮ ጭኖ ወጣ።

ጫካው ሲያልቅ ዝናቡም እንግዳ ሆነብን። ያኔ ጣውላው ደረቀ። ሞረድ ብቻውን ቤቱን ሠራ። ወለሉ ላይ እንቁላል ቢያስቀምጡ አይንከባለልም። በሩ ሲዘጋ ድምፅ የለውም፤ ከሱ በቀር የሚገባበት ሰው ስለሌለ ድምፅ ቢኖረውም የሚሰማው የለ።

ከዓመታት በኋላ ጋሼ ሾፌር የመሰንጠቂያውን አሮጌ ብረት ሊጭን መጣ። እኔና ሞረድ እሱ በሠራው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠናል። ጋሼ ሾፌር ሸብቷል። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ደህና ናት፤ አግብታ ወልዳለች» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላኛለች። ጣውላው ደረቀ ወይ ብላለች» አለ።

ሞረድ ከተደገፈው ግድግዳ ቀና አለ።

«ገና ነው በሏት፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየው። በሩን ከፈተው፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ መኪናው ሄደ።

«ምነው ዋሸህ?» አልኩት።

«ትንሽ ብጠብቅ ኖሮ ብላ እንዳትቆጭ ነዋ፣ እትዬ።»

ሳያስበው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። እንደ ደወል ጮኸ።