ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው

ትርሲት አካለ ወልድ አምስት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ከቢቸና ሞጣ ሄደች፤ እሁድ እሁድ ተመለሰች። በሥራ ቀን የወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ቅዳሜና እሁድ ሞጣ አክስቷ ቤት እያደረች ሥራ አመራር ትማራለች። ክረምቱ ጭቃ፣ በጋው አቧራ ነው። አንድ ቀን አልቀረችም።

«ይህ የቅዳሜ ዲግሪ ሰኞ ሰኞ ይሠራል?» ትላታለች የመዝገብ ቤት ባልደረባዋ ፈንታነሽ።

«ካልሠራ አንቺን አወርስሻለሁ።»

ይስቃሉ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከእሷ ቀድመው በእረፍት ቀን የተማሩ ሰዎች ለዕድገት ሲያመለክቱ «የኤክስቴንሽን ነው» እየተባለ ፋይላቸው ሳይገለጥ ይመለስ ነበር። የተመለሰውን ፋይል መደርደሪያው ላይ የምታስቀምጠው ትርሲት ነበረች። ስለዚህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ከሌላው እኩል ተቀምጣ መመዘን።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት፣ የሞጣው ሚኒባስ ደብረ ወርቅ ላይ ጎማው ፈነዳ። ተሳፋሪው ወርዶ በየጥላው ተቀመጠ። ትርሲት ደብተሯን ገለጠች። አጠገቧ አንድ ቀጭን ወጣት ረጅም የፕላስቲክ ቧንቧ ታቅፎ ተቀመጠ።

«የቧንቧ ሠራተኛ ነህ?» አለችው።

«ውስጡ ዲግሪ ነው።»

«ዲግሪ በቧንቧ ሲሄድ ዛሬ አየሁ።»

«ከህንድ ነው የመጣው። እንዳይታጠፍ ብዬ ነው።» ቧንቧውን ተመለከተው። «እሱ አልታጠፈም፤ እኔ ታጠፍሁ።»

ስሙ ባንተአምላክ ነው፤ የሞጣ ልጅ። አጎቱ ልኮት አራት ዓመት ህንድ ሥራ አመራር ተምሮ መጥቷል። ቢቸና ለሥራ አመልክቶ ሲመለስ ነበር። ዲግሪው ካገር ቤቱ እኩል ነው የሚል የአቻ ግምት ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ካልመጣ ብለው መልሰውታል።

«እኔን አገር ቤት ተምረሻል ብለው ይንቁኛል» አለች። «አንተን ውጭ ተምረሃል ብለው ይጠረጥሩሃል። የት እንማር ነው የሚሉት?»

ባንተአምላክ ሳቀ። ከዚያ ትክ ብሎ አያት። ትርሲት ዓይኗን ወደ ደብተሯ መለሰች፤ ጎማው ተቀይሮ ሾፌሩ ጥሩንባ እስኪነፋ ግን ያው ገጽ እንደ ተገለጠ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባንተአምላክ ቢቸና ዓርብ ዓርብ የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣ ይመስል ይመላለስ ጀመር። በእሷ ሚኒባስ አብሮ ይመለስና ሞጣ ሲወርዱ ይሰናበታታል፤ ሌላ ነገር አይናገርም። ፈንታነሽ ግን በመስኮት አይታው ነበር።

«አንቺ፣ ያ ባለ ቧንቧ መጣ። ውኃ ሊያስገባልሽ ነው ወይስ ሽማግሌ ሊልክ?»

«ዝም በይ አንቺ!»

በሐምሌ ትርሲት ተመረቀች። ባንተአምላክ በምረቃዋ ቀን ከሰው ኋላ ቆሞ አጨበጨበ። ሲሸኛት መንገድ ላይ፣ «ሥራ እንዳገኘሁ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። ትርሲት ነጠላዋን አስተካከለች። እሺም እምቢም አላለችም፤ እሱም መልሱን ከዓይኗ ወሰደ።

በኅዳር ሞጣ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ለሰው ኃይል አስተዳደር አንድ ሠራተኛ ፈለገ። ትርሲት ልትመዘገብ ስትሄድ መዝገቡ ላይ ከእሷ በላይ የተጻፈው ስም የባንተአምላክ ነበር። የአቻ ግምቱ በዚያው ሳምንት ደርሶለታል። ከሁለቱ በቀር መሥፈርቱን ያሟላ አልተገኘም።

«እንግዲህ ተያየን» አለችው።

«ተያየን።»

«እንዳትምረኝ።»

«አንቺም።»

ለፈተናው ሦስት ቀን ሲቀር ባንተአምላክ የቀረች ማስረጃ ሊያስገባ ዩኒየኑ ዘንድ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ያለው ውስጥ ሆነው ሲናገሩ ሰማ።

«የቅዳሜዋን ለደንቡ ያህል ፈትኗት። ወንበሩ የህንዱ ነው።»

በሩን አላንኳኳም። በነጋታው መጥቶ ከውድድር ወጥቻለሁ ብሎ ፈረመ፤ ያስያዘውን ዲግሪ ከነቧንቧው ተቀብሎ ሄደ። እኔ ከወጣሁ ለእሷ ይቀራል ብሎ ነበር። ደንቡን የሚያውቀው ሰው እሱ አልነበረም።

ትርሲት በፈተናው ቀን ሞጣ ስትደርስ የዩኒየኑ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ተወዳዳሪ ከሁለት በታች ስለሆነ ማስታወቂያው በድጋሚ ይወጣል።» ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ገበያው ወረደችና ባንተአምላክን ከአጎቱ ሱቅ ፊት አገኘችው።

«ታመህ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ወጣህ?»

የሰማውን ነገራት። «ላንቺ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ።

ትርሲት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አባቴ የቅኔ መምህር ነው። ባልንጀራው እንዲበልጠው ብሎ ሆን ብሎ ዝም ያለ ተማሪ ባልንጀራውን ሰድቦታል ይላል። አምስት ዓመት የተመላለስሁት ወንበር እንዲለቀቅልኝ ነው? እንድመዘን ነው እንጂ! እነሱ ፋይሌን ሳይገልጡ ጣሉት፤ አንተም ሳትገልጠው ወንበሩን ተውህልኝ። ልዩነታችሁ ምንድን ነው?»

«ትርሲት፣ እኔ እኮ...»

«ካልተመዘገብህ ሽማግሌ አትላክ።»

ሄደች። ባንተአምላክ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ቢቸና እንደ ተመለሰች ማመልከቻ ጻፈች። ስንት መመሪያ በእጇ አልፏል፤ የሚለውን ታውቀዋለች። የፈተና ወረቀት በስም ሳይሆን በምስጢር ቁጥር እንዲታረም ጠየቀች፤ ግልባጩን ለዩኒየኑ ቦርድ አደረገች። አቶ ያለው ደብዳቤውን አንብበው፣ «ይቺ የመዝገብ ቤት ሰው!» አሉ፤ እምቢ ሊሉ ግን አልቻሉም። ቦርዱም የቃል ፈተናውን የሚሰማ አንድ ሰው ላከ።

በታኅሣሥ ሁለተኛው ማስታወቂያ ወጣ። ትርሲት ልትመዘገብ ስትመጣ የባንተአምላክ ስም ተጽፎ አገኘችው። ጣቷን ስሙ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየች፤ ከሥሩ የራሷን ጻፈች።

በአንድ ክፍል፣ በሁለት ዴስክ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፉ። ቀና ያለ የለም። ለቃል ፈተናው በየተራ ገቡ። አስቀድሞ የገባው ባንተአምላክ ነው።

«ህንድ ስለ ሞጣ ምን አስተማረህ?» አሉት አቶ ያለው።

«ስለ ሞጣ ምንም። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ መከፋቱ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው።»

ቀጥሎ ትርሲት ገባች።

«የቅዳሜ ተማሪ ከሰኞው ተማሪ በምን ይሻላል?»

«ይሻላል አላልሁም፣ ጌታዬ። ቅዳሜ የተማርሁትን ሰኞ ሥራ ላይ እሞክረዋለሁ። ያልሠራልኝን በሚቀጥለው ቅዳሜ ለመምህሩ እመልስለታለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ ተማርሁ።»

ከቦርዱ የመጣው ሽማግሌ ሳቅ አለ። አቶ ያለው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ። ትርሲት ሰማንያ አንድ፣ ባንተአምላክ ሰባ ስምንት። ጎን ለጎን ቆመው አነበቡ። ትርሲት ግን ደስታዋን ያዘችው።

«ሦስተኛውን ጥያቄ ምን ብለህ መለስህ? የጠፋ ፋይል ስለ መተካት የሚለውን።»

«ባዶ ተውሁት።»

ፊቷ ተለወጠ። «ሆን ብለህ?»

«የሞጣው ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው፣ አላወቅሁትም! ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ ፋይልም ኖሮኝ አያውቅም። ባውቀው ኖሮ በልጬሽ ነበር። ሳምንቱን ሁሉ ሲቆጨኝ ነው የሰነበተው።»

ቁጭቱ ከፊቱ ይነበብ ነበር። ትርሲት አየችውና አመነችው። ያን ጊዜ ሳቀች፤ አምስት ዓመት የተጠራቀመ ሳቅ።

ባንተአምላክም ሥራ አላጣም። ትርሲት የተማረችበት ኮሌጅ የቅዳሜና የእሁድ ተማሪዎችን እንዲያስተምር ቀጠረው። በየካቲት መጀመሪያ፣ ጾም ሳይገባ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከሞጣ ተነሥተው ቢቸና፣ መምህር አካለ ወልድ ቤት ደረሱ። በባህሉ ጉዳያቸው እሺ ሳይባል አይቀመጡምና ቆሙ። መምህሩም ተቀመጡ ብለው አልለመኗቸውም። ትርሲት ጓዳ ሆና ትሰማለች።

«ልጁ ምን ይሠራል?» አሉ መምህሩ።

«ያስተምራል፣ የኔታ» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ሰጠኝ። «ቅዳሜና እሁድ።»

«ልጄ የተቀጠረችበትን ሥራ እሱም ፈልጎት ነበር አሉ።»

አቶ ሰጠኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዎ። ተወዳድረው ተሸነፈ። አንደብቅዎትም።»

«ለቀቀላት ወይስ በለጠችው?»

«መጀመሪያ ለቆላት ነበር፤ ተቆጣችው። ኋላ ግን አለኝ ያለውን ሁሉ ይዞ ገጠማት። በለጠችው።»

መምህሩ ወደ ጓዳው በር አዩ። የመጋረጃው ጫፍ ይንቀሳቀስ ነበር። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«እንግዲያው ተቀመጡ» አሉ።