የሩበን ሶላኖ ፋይል

ዳርሲ ክራል የማንኛውንም ወረቀት ቀን ሁለት ጊዜ ሳታይ አታልፍም። ለዚህም ነው ኔብራስካ ግዛት ውስጥ ያሉ የስፖርት ጉዳት ባለሙያዎች የሙያ ማሻሻያ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ «አንቺማ የግድ ትገቢያለሽ» ያሏት። ያለ ክፍያ ማገልገል ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሆነው በቤተ መጻሕፍት የኋላ ክፍል ይሰበሰባሉ። ሥልጠና ያዘጋጃሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የባልደረቦቻቸውን ፋይል በዕጣ እያወጡ፣ ሠልጥኛለሁ ያለ ሁሉ በእርግጥ መሠልጠኑን ይመረምራሉ።

ከአምስቱ አንዱ የሆነው ሩበን ሶላኖ ሁልጊዜ ፊት ለፊቷ ነው የሚቀመጠው። ሌክሲንግተን በምትባል ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ተጫዋቾችን ቁርጭምጭሚት ሲያስር ስለሚውል፣ ከጣቶቹ የፕላስተር ሙጫ አይጠፋም።

«ክብርት ዳኛ፣ ዛሬ ስንት ሰው ልታስለቅሺ ነው?» ይላታል።

«ወረቀቱን በሥርዓት ያስቀመጠ ሰው አያለቅስም።»

«እንዲህ ስትዪ እፈራለሁ። ደስም ይለኛል።»

ቀና ትላለች፤ እሱ ቀድሞ ዓይኑን ይሰብራል። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሚያዝያ ላይ ድንገት ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረገውን እርዳታ ሲያስተምር፣ በመለማመጃው አሻንጉሊት ደረት ላይ የተጫኑ እጆቿን በእጁ አስተካከለላት። ሠላሳ ጊዜ መጫን ነበረባት፤ ሃያ ላይ ቁጥሩ ጠፋባት።

ነሐሴ ላይ ዕጣ ሲወጣ የሩበን ፋይል ለእሷ ደረሳት። እሱ በዚያ ቅዳሜ ልምምድ ስለነበረበት አልመጣም።

የሥልጠና ሰዓቱ ከሚፈለገው በላይ ነው። የልብ እርዳታ ለመስጠት መፈተኑን የሚያረጋግጠውን ካርድ ማብቂያ ቀን አየች። ደግማ አየች። ግንቦት ሦስት ላይ አብቅቷል።

ምክንያቱ ወዲያው ገባት። በዚያ ጸደይ አሥራ አንድ ትምህርት ቤት እየዞረ፣ በነጻ፣ የሁሉንም ካርድ ያሳደሰው እሱ ነው፤ የእሷንም ጭምር። ማስተማር ግን ለራስ አይቆጠርም፤ አስተማሪውም በሌላ አስተማሪ ፊት ቀርቦ መፈተን አለበት። ይህንኑ ለሰው ሲያስረዳ ከርሞ ራሱን ረሳ። ካርዱ ያለቀበት ሰው ሜዳ መግባት ክልክል ነው፤ ሩበን ሦስት ወር ሙሉ ገብቷል። ቅጣቱ የስድስት ወር እግድ ነው። ውድድር ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታልና ትምህርት ቤቱ በቦታው ሌላ ሰው ይቀጥራል።

ዝም ልትል አሰበች። ከዚያ ሜዳ ላይ ልቡ የቆመ ተጫዋች በዓይነ ሕሊናዋ መጣባት። መደበቁንም እሱን መክሰሱንም መሸከም አቃታት።

መመሪያው አንድ መውጫ ነበረው። መርማሪው ከባለፋይሉ ጋር ቅርበት ካለው፣ ምክንያቱን ጽፎ ፋይሉን ያስረክባል። ዳርሲ ቅጹን ሞልታ ስልሳ ዓመት ላለፋቸው ለሰብሳቢዋ ለጆአን ሄልዊግ ሰጠቻቸው።

«እኔ ብይዘውም ያው ነው» አሉ ጆአን። «ቀኑ አይለወጥም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ይጠቅመዋል?»

«ምንም። ግን በእኔ እጅ አይሁን።»

ጆአን ቅጹን አነበቡ። «የቅርበቱ ዓይነት» ከሚለው ሥር በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት «እወደዋለሁ፤ እሱ አያውቅም» ይላል። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የኔ ልጅ፣ ቅጂው ለእሱ እንደሚላክ ታውቂያለሽ?»

«አንቀጹን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።»

«ጓደኛዬ ነው ብለሽ ጻፊና እንገላገል።»

«ውሸት ይሆናል።»

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በምትሠራበት ትምህርት ቤት ሜዳ ዳር የውሃ ጠርሙስ ስትደረድር፣ ሩበን ከሽቦ አጥሩ ውጭ ቆሞ አየችው።

«በአንድ ፖስታ ሁለት ወረቀት መጣልኝ» አለ። «አንዱ ሥራዬን ወሰደው። ሌላውን መኪና ውስጥ አነበብኩት። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት፣ እንዳንቺ።»

«ተቆጥተኸኛል?»

«ሁለት ቀን ተቆጣሁ። ከዚያ የምቆጣው ሰው ጠፋ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ለመሆኑ በየወሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየነዳሁ ስመጣ፣ ስብሰባ የምወድ መስዬሽ ነበር?»

ወደ አጥሩ ቀረበች። አጥሩን በያዙት ጣቶቹ ላይ ጣቶቿን አሳረፈች።

«አሁን ምን ልትሆን ነው?»

«ሰኞ ሩቅ ደቡብ፣ ላሬዶ፣ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። ጣራ ይሠራል፣ ሰው ይፈልጋል። እግዱ ሲያልቅ ደግሞ ና የሚለኝ ትምህርት ቤት ከተገኘ።»

«እኔ ና እልሃለሁ።»

«አንቺ ትምህርት ቤት አይደለሽም፣ ዳርሲ» አለ በቀስታ።

ከኋላዋ ጩኸት ተሰማ። አንድ ተጫዋች መሃል ሜዳ ላይ ወድቆ ባቱን ጨብጧል። ሁለቱም እኩል ተንቀሳቀሱ። ሩበን ክፍት የነበረው የአጥሩ በር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አንድ እግሩን አንሥቶ መልሶ አሳረፈው።

ብቻዋን ሮጠች። ጡንቻው ተኮማትሮ ነው። ጉልበቱን ዘርግታ፣ የእግሩን ጣቶች ወደ ሽቅብ ገፍታ ያዘችለት። ቀና ስትል ሩበን በሩ ላይ ነው፤ አልገባም፤ አልሄደምም። ተነሥታ ወደ ሩበን ልትሄድ ፈለገች፤ የልጁ እግር ግን ገና በእጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር።